የልጆች ልብስ ስትሰፉ እጥፋቱን ሰፋ አድርጉት

ለልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ልብስ የምትሰፉ እናቶች፣ ይህችን ያዙልኝ። የቀሚሱንም የሱሪውንም የታች እጥፋት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ልጁ ሲረዝም ስፌቱን ፈትቶ ማውረድ ብቻ ነው። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ግን ከመቁረጣችሁ በፊት አጥባችሁ አድርቁት። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ያን ያህል የተደከመበት ልብስ ሲጠብ ደግሞ በጣም ያሳዝናል።

ሹራብ ከሆነ ከአንገት ጀምራችሁ ወደ ታች ሥሩት። እጅጌው ሲያጥር ጫፉን ፈታ አድርጋችሁ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። ከታች ወደ ላይ የተሠራ ሹራብ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ለዚህ ብላችሁ ከክሩ ትንሽ አስቀሩ።

ጊዜ ካጠራችሁ መቁረጡን አንድ ማታ፣ መስፋቱን ሌላ ማታ አድርጉት። የተቆረጠውን ከክሩና ከቁልፉ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጡት፤ ስትመለሱ ፍለጋ የለም።