ዜሮ አትቁጠሩ፣ ነጥቧን ተከተሉ

ረጃጅም ቁጥሮችን በአስር አርቢ (አርቢ ከ10 ራስጌ የምትጻፈው ትንሿ ቁጥር ናት) ስትጽፉ ዜሮ መቁጠር ይቅርባችሁ። የሚቆጠረው የአስርዮሽ ነጥቧ የዘለለቻቸው ቤቶች ናቸው።

ከምድር እስከ ፀሐይ በአማካይ 150,000,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዜሮዎቹ 7 ናቸው። ነጥቧ ግን ከመጨረሻው ተነስታ 1 እና 5 መሀል እስክትገባ 8 ቤት ትሄዳለች። ስለዚህ 1.5 × 10⁸። ከፊት የሚቀረው ቁጥር ከ1 አያንስም፣ 10 ግን አይሞላም።

ትንንሾቹ ላይ ነጥቧ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ አርቢውም ኔጋቲቭ ይሆናል። 0.000007 ማለት 7 × 10⁻⁶ ነው። ኔጋቲቭ አርቢ ቁጥሩን ያሳንሰዋል እንጂ ከዜሮ በታች አያወርደውም። ብዙ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ስታባዙ አርቢዎቹን ደምሩ፣ ስታካፍሉ ቀንሱ። ብርሃን በሰከንድ 3 × 10⁵ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፀሐይ እኛ ጋ ለመድረስ ስንት ይፈጅበታል? 1.5 ለ3 ሲካፈል 0.5። ከ8 ላይ 5 ሲቀነስ 3። መልሱ 0.5 × 10³፣ ማለትም 500 ሰከንድ። ስምንት ደቂቃ ከምናምን! ያውም ያለ ካልኩሌተር።

መደመር ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ አርቢዎቹን እኩል አድርጉ። 3 × 10⁴ እና 2 × 10³ ካሏችሁ፣ ሁለተኛውን 0.2 × 10⁴ ብላችሁ ጻፉት፤ ድምሩ 3.2 × 10⁴ ይመጣል።

ካልኩሌተሩ መልስ መሀል የላቲኗ «ኢ» ብቅ ካለች አትደንግጡ፤ «ሲባዛ በአስር አርቢ» ማለቷ ነው። 10⁸ ለማስገባት 1 ኢ 8 ነው የሚነካው። 10 ኢ 8 ካላችሁ 10⁹ ይሆንባችኋል።