«ሜ²» ሲገለበጥ «ሜ2» እንዳይሆን

ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የእኩል ይሆናል ምልክቱን አንድ ላይ ተጭናችሁ «200 ሜ²» ብትጽፉ ለዓይን ያምራል። ጽሑፉን ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ግን «200 ሜ2» ሆኖ ቁጭ ይላል። በቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ደስ አይልም።

በዊንዶውስ ኦልትን እንደያዛችሁ በስተቀኝ ባለው የቁጥር ሰሌዳ 0178 ጻፉና ልቀቁት፤ ² ትወጣለች። ለ³ 0179፣ ለዲግሪ ምልክቷ ለ° ደግሞ 0176 ነው። መነሻዋን ዜሮ አትዝለሏት፤ ያለ እርሷ የማታውቁት ምልክት ይመጣባችኋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ወርድ ተራዋን 2 አሳንሶ ከፍ ያደርጋታል እንጂ አይለውጣትም፤ ያለበሳትም መልክ ተራ ጽሑፍ ብቻ በሚቀበል ቦታ ይገፈፋል። በኦልት የመጣችው ² ግን የራሷ የዩኒኮድ ቁጥር (ኮምፒውተሮች ምልክቶችን የሚለዩበት የጋራ ቁጥር) ያላት ምልክት ስለሆነች እንዳለች ትሄዳለች።

በኬሚካል ቀመር ውስጥ ከታች ለምትቀመጠው ₂፣ ወርድ ላይ 2082 ጽፋችሁ ኦልትንና የእንግሊዝኛውን ኤክስ ፊደል ተጫኑ። ከ2082 በፊት ተጣብቆ ሌላ አኃዝ ካለ ግን አብሮ ተቆጥሮ ይበላሻል። ረጅም የሒሳብ ቀመር ለመጻፍ ይህን ሁሉ አትልፉበት፤ የወርድ የቀመር መጻፊያ ይሻላል።