ፕላኑ ምን ይላል? የከተማ ፕላንን ሕጉንም ቲዎሪውንም ለሚያጠና

የመጀመሪያው ፈተናዬ ላይ መሬት ለልማት ሲወሰድ ስለሚከፈለው ካሳ ተጠይቄ አዋጅ ቁጥር 455/1997ን እየጠቀስኩ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ቆንጆ አድርጌ። አንቀጽ በአንቀጽ። ወረቀቱ ሲመለስ አስተማሪው 455 የሚለውን ቁጥር በቀይ አክብቦ ከጎኑ «ነፍስ ይማር» ብሎበታል። አዋጁ በ1161/2011 ተሽሮ ነበር። እኔ ያጠናሁት ከኔ ቀድማ የተማረች ልጅ ያወረሰችኝን የድሮ ፎቶኮፒ ነው።

ቀን ቀን አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ኦቶካድ በሚባለው የንድፍ መሣያ ፕሮግራም ላይ እየሠራሁ፣ ማታ ማታ ነበር የምማረው። ጊዜ አልነበረኝም። ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ መሸምደድ ጀመርኩ። ስለ ከተማ ሐሳብ ያፈለቁትን፣ ሃዋርድ፣ ለ ኮርቡዚየ፣ ጄን ጄኮብስ፤ ስም ከዓመት ጋር። ከፈተና ስወጣ ሁሉም ተነነ። ዛሬ አጠናኑን የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ የምነግረው የተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ አንድ ቦታ ያዙ። ከዚያ ሕጉን አምጡበት። ቲዎሪው ከኋላ ይደርሳል።

ቦታው ትንሽ ይሁን። በእግር ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ። የኔ ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ እናቴ የቀበሌ ቤት የነበራት ሰፈር። በ2011 ዓ.ም. ለአንድ የትምህርት ሥራ ብዬ መተላለፊያዎቹን በእርምጃዬ ለካሁ። ሜትር አልያዝኩም፤ ሰፈሩ ውስጥ ሜትር ይዞ የሚዞር ሰው «ሊያፈርሱን ነው» ያስብላል። የጋራ ቧንቧው የት ነው? የጋራ ሽንት ቤቱን ስንት አባወራ ይጠቀምበታል? ጣውላ ቤቱ ጋ መኪና ይገባል? ይህን ሁሉ በእጄ ሳልኩት። በ2016 ሰፈሩ ፈረሰ። አሁን ያቺ ወረቀት ብቻ ናት ያለችኝ፣ ጠርዟ ላይ የቡና ነጠብጣብ አለባት።

ካርታውን ስትስሉ ከቅርጹ በላይ አንድ ጥያቄ ቤት ለቤት ጠይቁ፦ ይህ ቤት የማን ነው? የቀበሌ ያሉትን አንድ ቀለም፣ የኪራይ ቤቶች ያሉትን ሌላ፣ የይዞታ ካርታ ያለውን የግል ቤት ሌላ፣ ሰነድ አልባውን ደግሞ ሌላ ቀለም ቀቡ። ስትጨርሱ የተዥጎረጎረ ወረቀት ታገኛላችሁ። ያ ዥንጉርጉር ነው ወደ ሕጉ የሚወስዳችሁ። የእናቴ ቤት የቀበሌ የሆነው ለምንድን ነው? በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ስላደረገ። ከተወረሱት ቤቶች የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ለአንድ ቤተሰብ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ አንድ ቦታ ተፈቀደለት። ይህን ከመጽሐፍ ባነበው ኖሮ በሳምንቱ እረሳው ነበር። ከእናቴ ግድግዳ ስለጀመርኩ ግን እስካሁን አብሮኝ አለ።

አሁን ወደ አዋጁ። ይህ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። ከእዝባሩ በኋላ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን በፈረንጅ ይጻፋል። ስለዚህ 574/2000 እና 574/2008 ሁለት አዋጅ አይደሉም፤ አንድ የከተማ ፕላን አዋጅ ነው። አብሮኝ የሚማር ልጅ ሁለቱን «አወዳድሮ» አንድ ሙሉ የቤት ሥራ አስረክቧል፤ አልስቅበትም፣ እኔም ነፍስ ይማር የተባልኩ ነኝ። ነጋሪት ጋዜጣው በሁለት ዓምድ ነው የሚታተመው፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ የምታነቡ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ።

አዋጅ ሲይዙ ከመጀመሪያው ገጽ ወደ መጨረሻው ማንበብ ጥቅም የለውም። እኔ መጀመሪያ የማየው መጨረሻ አካባቢ ያለውን «የተሻሩ ሕጎች» የሚለውን አንቀጽ ነው። የትኛውን ገድሎ ነው የመጣው? ቀጥሎ ይህን ራሱን የሻረ ወይም ያሻሻለ ሌላ አለ ወይ ብዬ እፈልጋለሁ። ከዚያ ትርጓሜውን አነባለሁ። የክርክሩ ግማሽ ትርጓሜው ላይ ነው ያለው። «መዋቅራዊ ፕላን» ሲል ምን ማለቱ ነው? «የአካባቢ ልማት ፕላን» ሲልስ? ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው ይህን ሁለተኛውን ኤልዲፒ ነው የሚለው። አንደኛው የከተማውን ጠቅላላ አጥንት ያሳያል፤ ሁለተኛው አንዲት ሰፈር ውስጥ ገብቶ መንገዱን፣ የሕንጻውን ከፍታ፣ የቦታውን አገልግሎት ይወስናል። የጎረቤታችሁ ቦታ ላይ ጂ ፕላስ ፎር ይፈቀድ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ መልሱ ያለው ኤልዲፒው ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ ነው መሐሉን የማነበው፣ ያውም ጥያቄ ይዤ።

ሕጎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ለማየት አንድ ሰው ቤት ሊሠራ ተነሣ እንበል። ቦታው የማን ነው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ሂዱ፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ታዲያ ሰውየው ምን ያገኛል? ሊዝ። እዚህ ላይ 80/1986፣ 272/1994፣ 721/2004 እየተተካኩ የመጡበትን መስመር ተከተሉ። በ721/2004 የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው። ቦታው ላይ ምን መሥራት ይችላል? 574/2000 እና በሥሩ የወጣው ፕላን። ሕንጻው እንዴት ይፈቀዳል? የሕንጻ አዋጁ 624/2001። ይኸኛው ሕንጻዎችን ምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ይከፍላል፤ ለምሳሌ ከመሬት ወለል በላይ ከ12 ሜትር የሚረዝም ሕንጻ ምድብ ሐ ውስጥ ይወድቃል። ንድፍ ከማሠራታችሁ በፊት «የፕላን ስምምነት» የምትጠየቁትም በዚሁ አዋጅ ነው። መንግሥት ቦታውን ለልማት ቢፈልገውስ? 1161/2011። ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥልጣኑን ከየት አገኘ? ከቻርተሩ፣ 361/1995። አንድ ምስኪን ቤት ሠሪ ስድስት ሕግ ውስጥ አሳለፈን።

ከአዋጅ ሥር ደንብ አለ፣ ከደንብ ሥር መመሪያ። እውነቱን ለመናገር የሰው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው መመሪያው ላይ ነው፤ ለማግኘት የሚያስቸግረውም እሱ ነው። አንዴ አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት መመሪያ ሦስት ቀን አመላለሱኝ። በመጨረሻ ያገኘኋት በር ላይ ካለው ፎቶኮፒ ቤት ነው። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም መመሪያ አለው። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ስሄድ መጀመሪያ ፎቶኮፒ ቤቱን ነው የምጠይቀው። ነጋሪት ጋዜጣውን ግን አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ሄጄ ነበር የምገዛው፤ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ስለምወድ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነው የምቀመጠው። ለሁለቱም አንድ ታክሲ ይበቃል።

ቲዎሪው ጋ ደረስን። ይህን ክፍል በጫማ እንድታጠኑት እመክራለሁ። ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ቁሙና ቸርችልን ቁልቁል ወደ ለገሃር እዩ። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ከላይ ትልቅ ሕንጻ፣ ከታች ባቡር ጣቢያ። ይህ መንገድ ዓይን እንዲያስደምም የታሰበ ነው፤ ፕላነሮች የመታሰቢያ አክሲስ ይሉታል። አሁን ወደ ጎን፣ ወደ ደጃች ውቤ ሰፈር ታጠፉ። መንገዱ ይጠማዘዛል። እዚያ መጀመሪያ የሰፈረው መኳንንቱ ነው፣ ዙሪያውን አሽከሩና ወታደሩ፤ መንገዱ በሰዉ እግርና በቁልቁለቱ ልክ ወጣ። ሁለት የከተማ ሐሳብ፣ የአምስት ደቂቃ መንገድ።

አርክቴክቱን ለ ኮርቡዚየን የተረዳሁት እንዲህ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ለከተማዋ ንድፍ ስሎ ነበር፤ ከተማዋን ግን አይቷት አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ትልልቅ ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው ያሉት፤ ደጃች ውቤ የሉበትም። ሥራው የተሰጠው ለጣሊያናውያኑ ለጉዊዲና ለቫሌ ነው። የነሱ ፕላን ነጭና ጥቁርን በሰፈር የለየ ነበር፤ የአገሬውን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ዛሬው መርካቶ የወሰደው ያ ጊዜ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም እንኳ ከዚያው የቀረ ነው፣ ካዛ ኢንቺስ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ቤት የሚሠራ የጣሊያን ድርጅት ስም። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ መጣ፣ ከዚያ ቦልተን ሄኔሲ የሚባል ድርጅት፣ ከዚያ ፈረንሳዊው ደ ማርየን። እንዲህ እንዲህ እያለ የ2009ኙ መዋቅራዊ ፕላን ድረስ። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ደርድሯቸውና ከእያንዳንዱ ሥር «ይህ ሰው ከተማ ምን መሰለው?» ብላችሁ ጻፉ። ይኸው የቲዎሪ ታሪክ።

ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የጻፈችውን አሜሪካዊቷን አርንስታይንን ለማጥናት ደግሞ ስብሰባ ሂዱ። እሷ እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብ ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላ አስቀምጣዋለች። ከታች ማታለል ነው፣ ከላይ ሕዝቡ ራሱ የሚወስንበት። የወረዳ ስብሰባ ላይ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። አጀንዳው መቼ ተነገረ? ማይክ ስንት ጊዜ ወደ ሕዝቡ ዞረ? ከተነገረው ውስጥ ቃለ ጉባኤ ላይ የገባው የቱ ነው? ከኋላዬ የተቀመጡ እማማ «ልጄ፣ ፕላኑ አልቋል እንዴ ወይስ እየጠየቁን ነው?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የአርንስታይን ማጠቃለያ አላነበብኩም። እኔ ሦስተኛውን እርከን፣ ማሳወቅ የሚለውን ሰጠሁት። ጓደኛዬ አራተኛውን፣ ማማከር የሚለውን። ታክሲ ውስጥ እስከ ሜክሲኮ ተከራከርን።

አሜሪካዊው ፕላነር ዴቪዶፍም በዚያው ገባኝ። ፕላነር እንደ ጠበቃ ለአንድ ወገን መቆም አለበት፣ አንድ ፕላን ብቻ ሳይሆን የተለያዩ ፕላኖች ይቅረቡና ይከራከሩ ነው የሚለው። የወረዳው አዳራሽ ውስጥ ሆናችሁ የእማማን ፕላን ማን ይስል ነበር ብላችሁ አስቡ።

የሌላ አገር ሥርዓት ስታወዳድሩ አንድ ጥያቄ ይበቃችኋል፦ ፕላኑ ላይ መጻፉ ብቻውን መብት ይሰጣል ወይስ አንድ ሰው አይቶ ይወስናል? አሜሪካ ዞኒንግ ነው፣ መሬቱን በዞን ከፍሎ በየዞኑ የሚፈቀደውን አስቀድሞ መጻፍ፤ ዩክሊድ የምትባል የኦሃዮ መንደር ከአንድ የመሬት ኩባንያ ጋር ተካስሳ እ.ኤ.አ. በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመንደሯ ከፈረደ ወዲህ ሥርዓቱ ጸና። ዞኑ የሚፈቅደውን ካሟላችሁ በመሠረቱ ትሠራላችሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1947ቱ ሕግ በኋላ የመገንባት መብትን ከባለመሬቱ ወስዳ ፈቃድ አደረገችው፤ እያንዳንዱ ጉዳይ ይመዘናል። እኛ ጋ ደግሞ መሬቱም የመንግሥት ነው፣ ፕላኑም አስገዳጅ ነው፣ ፈቃድም አለ። የተቀላቀለ ነገር ነው። ፈተና ላይ «የኢትዮጵያ ከየትኛው ይመደባል?» ቢሉ ባንድ ቃል አትመልሱ።

እናቴ አሁን ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ባለፈው ደውላ «አንቺ፣ በረንዳውን በቆርቆሮ ልሸፍነው ነው፣ ፕላኑ ምን ይላል?» አለችኝ። የኮንዶሚኒየም አዋጁን፣ 370/1995ን አወጣሁት። መጀመሪያ አልተሻረም ወይ ብዬ ፈለግሁ። አሁን ትርጓሜው ላይ ነኝ። በረንዳ የግል ነው የጋራ?