ከክፍት ምንጭ ኮድ ጋር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የፈቃድ ስህተቶች

ክፍት ምንጭ የሚባለው ጸሐፊው ሌሎች እንዲጠቀሙበት ፈቃድ የሰጠበት ኮድ ነው። በይፋ የተለጠፈ ኮድ ሁሉ ለሕዝብ የተሰጠ ይመስላል፤ አይደለም። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሃብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ፣ ነገር ግን የፈቃድ ፋይል ያልተያያዘበት ኮድ ሙሉ መብቱ የጸሐፊው ነው። እዚያው ማየት ይቻላል፤ ለደንበኛ በሚያስረክቡት መተግበሪያ ውስጥ መክተት ግን አይፈቀድም። የአገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠብቃቸው ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል። ለባለቤቱ ጽፈው ፈቃድ እንዲያስቀምጥበት ይጠይቁ።

ኤምአይቲ የተባለው ፈቃድ ምንም ግዴታ የለበትም ማለትም የተለመደ ስህተት ነው። የቅጂ መብት ማስታወቂያውና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ እንዳይለዩ ያዛል። በመተግበሪያው ውስጥ «ስለ መተግበሪያው» ከሚለው ገጽ ሥር ማስፈር ይበቃል። ድካሙን በነፃ ለሰጠ ሰው ስሙን መንፈግ ነውር ነው።

ትልቁ መደናገር ያለው ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ላይ ነው። አንዳንዱ «መሸጥ አይቻልም» ብሎ ይሸሸዋል፤ መሸጥ ይቻላል። ሌላው ደግሞ በጂፒኤል የወጣች አንዲት ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲጠቀሙባት የተዘጋጀች የኮድ ጥቅል) ከራሱ ኮድ ጋር አዋህዶ፣ የምንጭ ኮዱን ዘግቶ ያሰራጫል፤ ይህ ጥሰት ነው። ግዴታው የሚነሳው ፕሮግራሙ ከእጅዎ ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ተቀባዩ የመላውን ፕሮግራም የምንጭ ኮድ በዚያው ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። በራስዎ ሰርቨር ላይ ብቻ ከሠራ ግዴታው የለም። ኤጂፒኤል የተባለው የጂፒኤል ዝርያ ግን ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ ኮዱን ቀይረው በኢንተርኔት አገልግሎት ከሰጡበት ለተጠቃሚው ምንጩን ማቅረብ አለብዎት። የመተግበሪያ መደብሮችን ደንብም አስቀድመው ይመልከቱ። የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ከአፕል መደብር የወጣው ከአዘጋጆቹ አንዱ የመደብሩ ደንብ ከጂፒኤል ጋር ይጋጫል ብሎ አቤቱታ በማቅረቡ ነው፤ የተመለሰው ፈቃዱ ከተቀየረ በኋላ በ2013 ነበር።

የኮምፒውተር ፊደልም (ፎንት) ፈቃድ አለው። ለአማርኛ መተግበሪያ የምንመርጣቸው አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚሰራጩት ኦኤፍኤል በተባለው የፊደል ፈቃድ ነው። በሚሸጥ መተግበሪያ ውስጥ ማካተት ይፈቀዳል፤ ፊደሉን ለብቻው መሸጥ ክልክል ነው። የ«ሀ»ን ቅርጽ እንኳ ቢያስተካክሉ፣ አዘጋጁ ስሙን ካስጠበቀው በሌላ ስም ማውጣት ይኖርብዎታል።

አንዴ ያዩት ፈቃድ እንደዚያው ይኖራል ብለውም አይተማመኑ። የሰርቨር መሠረተ ልማት ማዘጋጃው ቴራፎርም በ2023፣ የመረጃ ቋቱ ሬዲስ በ2024 እ.ኤ.አ. ለአዳዲስ እትሞቻቸው ፈቃድ ቀይረዋል፤ ቀድሞ የወጡት በነበሩበት ቀርተዋል። ስለዚህ የተጠቀሙባቸውን ላይብረሪዎች በሚመዘግቡበት ሰነድ ላይ ከላይብረሪው ስም አጠገብ የእትሙን ቁጥርና የዚያን እትም ፈቃድ ያስፍሩ፤ እትሙን በለወጡ ቁጥር ደግመው ያንብቡት።