«ዘመኑ ነው» ሳንል ባሪያ አሳዳሪን እንዴት እንመዝን?

ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ማውንት ቨርነንን ማሳየት እንወዳለን፤ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ነው። ስንመለስ ታዲያ መኪና ውስጥ ክርክር አይቀርም። አንዱ «ዘመኑ ነው፣ ሁሉም ያደርገው ነበር» ይላል። ሌላው «ሰው እንደ ከብት የያዘ ምን ጀግና ይባላል!» ይላል። ነገሩ ጩኸት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ «ሁሉም» ማለት ማን እንደሆነ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1799 እዚያ ግቢ 317 ሰዎች በባርነት ነበሩ። እነሱ የዘመኑ ሰዎች አይደሉም እንዴ?

ቀጥሎ ጎረቤት እዩ። የዚያው የቨርጂኒያው ባለጸጋ ሮበርት ካርተር በ1791 ከ450 በላይ ሰዎችን ነጻ የሚያወጣ ሰነድ ፈርሟል። ስለዚህ «ማን ያውቅ ነበር?» አያስኬድም። ሌላው ቨርጂኒያዊ ቶማስ ጄፈርሰንማ በ1776 በአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ላይ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብሎ የጻፈ ሰው ነው፤ በዕድሜው ግን ከ600 በላይ ባሮች ነበሩት። እሱን በራሱ ቃል መመዘን ይበቃል።

ዋናው ግን እያወቀ ምን አደረገ የሚለው ነው። ዋሽንግተን በኑዛዜው የራሱን 123 ባሮች ነጻ አውጥቷል። ከቀሩት አብዛኞቹ የሚስቱ የቀድሞ ባል ውርስ ስለሆኑ ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር፤ ይህንንም መዝግቡለት። ግን ፕሬዚዳንት ሆኖ ፊላደልፊያ ሲኖር፣ 6 ወር እዚያ የቆየ ባሪያ ነጻነቱን መጠየቅ ስለሚችል፣ 6 ወሩ ሳይሞላ ባሮቹን በዘዴ ከክልሉ ያስወጣቸው ነበር። ኦኒ ጀጅ የምትባል ወጣት በ1796 ስታመልጥም ሰው ልኮ ሊያስመልሳት ሞክሯል። አልተመለሰችም። እንደ ሂሳብ አንዱን ከሌላው ቀንሳችሁ አታጣፉ፣ ሁለቱንም ያዙ። ለእኔ ግን የ6 ወሩ ብልጠት ይከብዳል፤ ሕጉን አውቆ የሸሸ ሰው አላወቀም ነበር አይባልም።

ከዚያ ሚዛኑን ወደ ቤት አምጡ። እኛ ጋ ባርነት በአዋጅ የቀረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ትናንት በሉት። መኪና ውስጥ ዋሽንግተንን ሲያብጠለጥል የነበረው ሰውዬ ስለ እኛ መኳንንት ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነበር» ይላል። ዋሽንግተንም ኦኒ ስትጠፋበት በጻፈው ደብዳቤ ያማረረው፣ ያደገችው እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው ብሎ ነበር።