ሰዓታችሁ «ዞን 5» እያለ ሲያስጨንቃችሁ

ስማርት ዎች ስትሮጡ የልብ ምታችሁን በደቂቃ ስንት እንደሆነ ይለካና በአምስት ዞን ይከፍለዋል፣ ዞን 2 ቀለል ያለው ነው፣ ዞን 5 ደሞ ልብ ጣሪያ ሲነካ። የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ መጨነቅ ይጀምራል፣ ዱብ ዱብ እያለ ሰዓቱ ቀይ ያበራበታል፣ ከዛ ወይ ሩጫውን ይተዋል ወይ ልቤን አሞኛል ይላል። ጃንሜዳ ጠዋት ስሮጥ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የምጽፈው።

ችግር፦ ገና 5 ደቂቃ ሳትሮጡ የልብ ምታችሁን 170 ይላል፣ እናንተ ግን አላለከለካችሁም።
ምክንያቱ ሰዓቱ እርምጃችሁን መቁጠሩ ነው። ከጀርባው ያለው አረንጓዴ መብራት ከቆዳ ስር የሚያልፈውን ደም ነው የሚያየው፣ ከላላ ወይ እጃችሁ በጠዋት ብርድ ከቀዘቀዘ ደሙን ትቶ የእጃችሁን መወዛወዝ ይከተላል፣ ሯጭ ደሞ በደቂቃ 160፣ 180 ስለሚረግጥ ቁጥሩ እውነት ይመስላል።
መፍትሄ፦ ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አርጉና ጠበቅ አርጋችሁ እሰሩት። አሁንም ካጠራጠራችሁ ወዲያው ቁሙና ከአውራ ጣት ስር በሁለት ጣት 15 ሰከንድ ቁጠሩ፣ በ4 አባዙት። ባለፈው አንድ ልጅ ሰዓቱ 174 ሲለው ቆመን በጣት ስንቆጥር 33 መጣ፣ 132 ማለት ነው። ሲቆሙ ምቱ ትንሽ መውረዱ አይቀርም ግን በዛች ቅጽበት በ40 አይወርድም። ደረት ላይ የሚታሰረው የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ ይሻላል፣ ከማሰራችሁ በፊት ግን ውሃ አስነኩት።

ችግር፦ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ እያወራችሁም ትሮጣላችሁ፣ ግን ዞን 2 ውስጥ መቆየት አልተቻለም።
ይሄኛው ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው። ብዙ ሰዓት ከፍተኛውን ምት የሚገምተው 220 ሲቀነስ እድሜ ብሎ ነው፣ ይሄ አማካይ ስለሆነ አንዳንዱ ሰው ላይ ከ10 በላይ ይስታል። ደሞ ስታርፉ ያለውን ምት አይቆጥርም። የ40 አመት ሰው እንውሰድ፣ 180 ነው ከፍተኛው፣ ዞን 2 የሚባለው ከ60 እስከ 70 በመቶው ከ108 እስከ 126 ይሆናል፣ በዚህ ምት መሮጥ ለብዙ ጀማሪ አይቻልም፣ መራመድ ነው የሚሆነው። የእረፍት ምቱ 60 ከሆነ ግን ከ180 ላይ 60 ቀንሱ፣ የ120ውን 60 እና 70 በመቶ አውጡና 60ውን መልሳችሁ ደምሩ፦ ከ132 እስከ 144። ያው ሰው ነው እኮ! የእረፍት ምታችሁን ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ፣ ቡና ሳትቀምሱ ሶስት ቀን ለኩና አፑ ላይ ዞኑን ራሳችሁ ሙሉት።

ፍጥነታችሁ ሳይቀየር ከ40 ደቂቃ በኋላ ምቱ እየወጣ ከሄደ ሙቀትና የውሃ እጥረት ነው፣ ጠጡ፣ ቀስ በሉ።

ከዲሲ ወይ ከዱባይ ለእረፍት መጥታችሁ ሱሉልታ ላይ በለመዳችሁት ፍጥነት ምቱ ጣሪያ ከነካ አትደንግጡ፣ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፍጥነቱን እርሱት፣ ምቱን ብቻ ተከተሉ።

እንደ አቴኖሎል ያለ የደም ግፊት መድሃኒት የምትወስዱ ደሞ ተቃራኒው ነው የሚገጥማችሁ፣ እየደከማችሁም ቁጥሩ አልወጣም ይላል፣ መድሃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው። ቁጥሩን ለማድረስ ብላችሁ በፍጹም አትግፉ፣ ሙሉ አረፍተ ነገር ማውራት እስከቻላችሁ ድረስ ብቻ ሂዱ፣ ልኩን ከሐኪማችሁ ጋር አውሩበት። ደረታችሁን ካጨነቃችሁ ወይ ራሳችሁን ካዞራችሁ ግን ዞኑን ተዉት፣ እዛው ቁሙና ቀጥታ ወደ ህክምና።