ኢመልሽኑ ላይ አትፍረዱ፦ ስክሪን ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቲሸርት የምናትመው በስክሪን፣ ማለትም ፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት መሰል ጨርቅ (ሜሽ) ነው። ሜሹ ላይ የምንቀባው ኢመልሽን ብርሃን ሲመታው ይጠነክራል፤ በፊልሙ (ጽሑፉ በጥቁር በታተመበት ላስቲክ) ጥቁር የተሸፈነው ግን ሲታጠብ ወርዶ ለቀለሙ መንገድ ይከፍታል። ሲታጠብ በጽሑፉ ዙሪያ ያለውም ተልጦ አብሮ ከወረደ መጀመሪያ የሚሰደበው ኢመልሽኑ ነው፤ ቀጥሎ የሸጠልን ሰው። እኔም «የቆየ ዕቃ ሰጠኝ» ብዬ ሁለት ጊዜ ሌላ ገዝቻለሁ። ሦስተኛውም ሲላጥ ነው እጄን ማየት የጀመርኩት።

እርግጥ ከሱቁ የሚጀምር ስህተት አለ፤ ዋጋ ብቻ ጠይቆ መግዛት። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የምታትሙበት ቀለም ነው። ፕላስቲሶል (በሙቀት ካልሆነ የማይደርቅ የፕላስቲክ ቀለም) ብዙም አያስመርጥም፣ ከአብዛኞቹ ጋር ይስማማል። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ግን ውሃ የሚቋቋም ኢመልሽን ይፈልጋል፤ ለፌስታልና ለስቲከር የሚሆነው በቲነር የሚቀጥነው ደግሞ ቲነር የሚቋቋም። አንዴ ለስቲከር የገዛሁትን ለቲሸርት በውሃ ቀለም ተጠቀምኩበት። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ስልሳኛው ቲሸርት አካባቢ የፊደሎቹ ጠርዝ እየሟሸሸ ሄዶ «ሀ» እና «ሁ» መለየት አቃተ።

በዱቄት የሚበጠበጠውን፣ ዲያዞ የሚባለውን ኢመልሽን ገዝታችሁ ከሆነ፣ በጥብጦ ወዲያው መቀባት ሌላው ጥፋት ነው። የአየር አረፋው እስኪወጣ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ከተቻለ ሌሊቱን ይደር። የበጠበጣችሁበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉ፤ ውጭ ከተቀመጠ አንድ ወር ገደማ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር አካባቢ ይቆያል። ተበጥብጦ የሚሸጠው ፎቶፖሊመር የሚባለው ኢመልሽን ቀላል ቢመስልም ብርሃን ሲያገኝ በጣም ይፈጥናል። በፀሐይ ለሚሠራ ሰው የሰከንዶች ስህተት ስለሚጎዳው፣ እኔ ቀስ የሚለውን ዲያዞ እመርጣለሁ።

ሜሹን ሳያጥቡ መቀባትም አለ። አዲስ ስክሪን እንኳ የእጅ ቅባት አለበት፣ ኢመልሽኑ ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። እጅ የሚያለሰልስ የዕቃ ሳሙና ግን ራሱ ቅባት ይተዋል።

አቀባቡ ላይ አጭር ነገር ልበል፦ መጀመሪያ ቲሸርቱን በሚነካው በኩል፣ መጨረሻ ስኩዊጂው (ቀለሙን የሚገፋው ጎማ) በሚሄድበት በኩል ቀቡ። የመጨረሻው ቅብ ኢመልሽኑን ቲሸርቱን ወደሚነካው በኩል ይገፋዋል። ስክሪኑ ሲደርቅም ቲሸርቱን የሚነካው ገጽ ወደ ታች ሆኖ በአግድም ይተኛ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ክረምት ላይ ገንዘብ ወደሚያስበላን ስህተት፤ ያልደረቀን ደረቀ ማለት። የምርቃት ቲሸርት ትዕዛዝ የሚጎርፈው ልክ ዝናቡ ሲበረታ ነው። አንድ ሐምሌ ማታ አንድ ሰዓት ቀብቼ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በጣቴ ብነካው ደርቋል። ብርሃን አስመትቼ ሳጥበው የተመራቂዎቹ ፎቶ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ሄደ። ላዩ ነበር የደረቀው። ውስጡ እርጥበት ካለ፣ የፈለገውን ያህል ብርሃን ቢመታው በደንብ አይጠነክርም። ከዚያ ወዲህ በጣት አላምንም፤ ስክሪኑን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጣለሁ። በየሰዓቱ ስመዝነው ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ትንሽ ክፍል፣ ማራገቢያና መጠነኛ ሙቀት ይበቃል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ግን አታሙቁት፣ ብርሃን ሳያገኝም ሊጠነክር ይችላል። መብራት ጠፋ ብሎ ከሰል አያይዞ በር መዝጋት ደግሞ ስክሪን ሳይሆን ሰው ይገድላል።

ብርሃኑ ላይ የሚሠራው ስህተት የትናንትን ደቂቃ ለዛሬ መጠቀም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ ግን አንድ ደመና ሲያልፍ ስሌቱ ይፈርሳል። ጠዋት ሦስት ሰዓትና ቀትርም አንድ አይደሉም። ኢመልሽን በቀየራችሁ ቁጥር አንድ ስክሪን ለሙከራ ሠዉ፦ ፊልሙን በካርቶን ሸፍናችሁ በእኩል ጊዜ ትንሽ ትንሽ እየገለጣችሁ አምስት ደረጃ አስመቱትና እጠቡ። ከዚያ ስኩዊጂው በሚሄድበት በኩል በጣታችሁ ዳስሱት። እንደ ረጠበ ሳሙና ካዳለጠ ብርሃኑ አንሶታል። ቀጭን መስመሮቹ አልከፈት ካሉ በዝቶበታል፤ ወይም ፊልማችሁ በቂ ጥቁር አይደለም። ፊልሙን ወደ አምፖል አንሡትና ብርሃን በጥቁሩ ውስጥ ከታየ ሁለት ደርቡ። የታተመበት ገጽ ኢመልሽኑን ይንካ፣ ላዩ ላይ ከባድ መስታወት ይጫን። ክፍተት ካለ ብርሃን በጎን ገብቶ ፊደሉን ይበላዋል።

የመጨረሻው ስህተት ሥራው ካለቀ በኋላ ይመጣል። ስክሪኑን ለሌላ ሥራ ለማጽዳት ማስለቀቂያ (ኢመልሽኑን የሚያነሳ ኬሚካል) ቀብቶ ስልክ ማንሳት። ማስለቀቂያው ሜሹ ላይ ከደረቀ ኢመልሽኑ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ደንበኛ ደውሎ ሩብ ሰዓት አወራን፤ ያ ስክሪን እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ከሩቅ ይነበባል።